የእንጀራ ልጅ ማለት የተረሳ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን ከድሮ ጀምሮ አነባለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰሞኑን በጀት ስላነሰው አንድ ዘርፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጽሑፉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጸሐፊው ደክሞበታል፣ የሚመለከታቸውንም ሰዎች አነጋግሯል። ቅሬታዬ ርዕሱ ላይ ነው። ዘርፉን «የእንጀራ ልጅ» ይለዋል። ውስጥ ስገባም ያው ነው፤ «እንደ እንጀራ ልጅ ስለታየ»፣ «ከእንጀራ ልጅነት መቼ ይወጣል» እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

ይህን አነጋገር እናንተ እንዳልጀመራችሁት አውቃለሁ። ሬዲዮ ላይም እሰማዋለሁ። የስፖርት ጋዜጠኛው ከእግር ኳስ ውጪ ስላሉት ስፖርቶች ሲያወራ ይለዋል። ስብሰባ ላይ ገንዘብ የሚጠይቀው ኃላፊም ይለዋል። ሁሉም ስለሚለው ማንም ቆም ብሎ አያስበውም። እኔ ግን አላልፈውም፣ ምክንያቱም የእንጀራ እናት ነኝ። ያልወለድኳቸውን ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። እናታቸው ታማ ስታርፍ ትልቁ ገና ትምህርት መጀመሩ ነበር፤ ትንሿ ደግሞ እናቷን በወጉ አታስታውሳትም። ዛሬ ሁለቱም ራሳቸውን ችለዋል። «የእንጀራ ልጅ» ስትሉ የምትጠሩት እነሱን ነው።

እስቲ ቃሉን እንየው። እንጀራ የሚለው ቃል በአማርኛ ውስጥ የተሸከመው ነገር ብዙ ነው፤ የእኔም ቅሬታ የሚገባችሁ ያን ሁሉ ስታዩት ይመስለኛል።

እንጀራ መጀመሪያ ምግብ ነው፤ ይህን ለእናንተ አላስረዳም። ግን ምግብ ሆኖም እንኳ ከራሱ ይሰፋል። «እንጀራ በልተሃል?» ብለን ስንጠይቅ የጤፉን ብቻ አይደለም የምንጠይቀው፤ ፓስታ የበላም «አዎ፣ በልቻለሁ» ይላል። «እንግዳ መጥቷል፣ እንጀራ አቅርቢ» ከተባለ ያለውን ሁሉ አቅርቢ ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎችም በዚህ ተጠቅመዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን ትርጉም ብታነቡ፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ያ ብላቴና የያዘው «አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ» ነው። በገሊላ ባሕር ዳር የተበላው እኛ በምጣድ የምንጋግረው ዓይነት እንዳልነበረ ተርጓሚዎቹ ያውቃሉ። ግን ለእኛ ሰው ከረሃብ የሚያወጣው ነገር ስሙ ማን እንደሆነም ያውቃሉ። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ብለን ስንጸልይ አንድ ሰው እንኳ መሶብ ውስጥ ያለውን ብቻ አያስብም። የቤት ኪራዩም፣ የልጁ ደብተርም፣ መድኃኒቱም፣ በሰላም ወጥቶ መግባቱም በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ አሉ።

ከዚያ ሥራ ይሆናል። ለእኔ ትልቁ ትርጉሙ ይሄ ነው። ከገጠር ተነስቶ ከተማ የገባው ልጅ እንጀራ ፍለጋ ነው የመጣው። ዓረብ አገር የሄደችውም እንጀራ ፍለጋ ነው የሄደችው። ሊስትሮው ሣጥኑን «እንጀራዬ ናት» ይላል፣ የታክሲ ሹፌሩም መኪናውን። ሥራ ይዞ ራሱን የቻለ ሰው «እንጀራ ወጣለት» ይባላል፤ ሽማግሌም ሲመርቅ «እንጀራ ይውጣልህ» ይላል። ከሥራው የተባረረ ሰው የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ እንላለን። በአለቃው የተማረረ ሠራተኛ ደግሞ «እንጀራ ሆኖብኝ ነው እንጂ» ይልና በማግስቱ ተመልሶ ይገባል። በዚያች አጭር አነጋገር ውስጥ ስንት ነገር አለ! ልጆቹ አሉ፣ ዕዳው አለ፣ ዝም ብሎ የዋጠው ስድብ አለ። ጉልት የተቀመጠችው ሴት ዕቃዋን ሊያነሱባት ሲመጡ «በእንጀራዬ አትምጡብኝ» ስትል መንገደኛው ሁሉ ይገባዋል። ስለ ቲማቲሟ አይደለም የምታወራው። ማታ ቤት ስትገባ እጇን ስለሚጠብቁት ነው የምታወራው።

ይህን ትርጉም እናንተም በሚገባ ታውቁታላችሁ። ፋብሪካ ሲዘጋ «የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ተዘጋ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሰፈር ፈርሶ ነጋዴው ሲበተን «ከእንጀራቸው ተፈናቀሉ» ትላላችሁ። ያን ጊዜ ቃሉ ክብደት አለው፤ አንባቢውም ያዝናል። እናንተም እንዲያዝን ፈልጋችሁ ነው የመረጣችሁት። እንግዲህ ያንኑ ጋዜጣ ገለጥ አድርጌ ሌላኛው ገጽ ላይ ያንኑ ቃል የመናቅ መለኪያ ሆኖ ሳገኘው ምን ልበል? በአንዱ ገጽ እንጀራ የሰው ሕይወት ነው። በሌላው ገጽ በእንጀራ ያደገ ልጅ ማንም የማይፈልገው ነው።

ሌሎች የምግብ ቃሎቻችንም ብዙ ትርጉም አላቸው። ድስት ውስጥ ያለውም ወጥ ነው፣ አንድ ወጥ የሆነ አቋምም ወጥ ነው፣ ከመስመር የወጣ ሰውም «ወጥ ረገጠ» ይባላል። ልጅ ዳቦ ተቆርሶ የሚወጣለት የዳቦ ስም አለው። እነዚህን እወዳቸዋለሁ፤ ቋንቋችን በእነሱ ያምራል፣ ማንንም አይነኩም። የእንጀራው ግን በሕይወት ያለ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

ወደ ዝምድናው ልምጣ። አማርኛ ዝምድናን በሚሰጠው ነገር ይጠራል። ጡት ያጠባች የጡት እናት ናት። በድሮው ወግ አንድ ሰው ለትልቅ ሰው የጡት ልጅ ሆኖ ቃል ኪዳን ይገባ ነበር፤ ከአብራኩ ሳይወጣ ልጁ ይሆናል። ክርስትና ያነሳች የክርስትና እናት ናት። ከኦሮሞ ባህል የመጣው ጉዲፈቻም ማሳደግ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ቃሉን እንዳለ ነው የሚጠቀምበት። እንጀራ ያበላች ደግሞ የእንጀራ እናት ናት። እኔ ስሙን የምረዳው እንዲህ ነው። ሌላ ቋንቋም ተመሳሳይ አለው። በኦሮምኛ «ሃዳ ቡዴና» ነው የሚባለው፤ ቡዴና ማለት እንጀራ ነው። ትግርኛ ግን «ሰበይቲ ኣቦ» ይላል፣ የአባት ሚስት ማለት ነው። የሕግ ቋንቋም «የጋብቻ ዝምድና» ብሎ ያልፈዋል። ልክ ናቸው፤ ግን ስለ ልጁ ምንም አይሉም። የአባት ሚስት የተሳሰረችው ከአባትየው ጋር ነው። የእንጀራ እናት ግን ከልጁ ጋር ነው የተሳሰረችው፤ በመካከላቸው ያለው ነገር ከእሷ እጅ ተነስቶ በቀጥታ ወደ እሱ አፍ የሚሄድ ነው። ለዚህ ነው ስሙን ልጥለው የማልፈልገው። ስሙ እንዲቀየር አይደለም የምጠይቃችሁ።

«ስሙ እኮ የወጣው ለማሳነስ ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እንጀራ ብቻ ነው የምትሰጠው፣ ፍቅር የላትም ለማለት ነው ይላሉ። አንዲት ጎረቤቴ ይህን ፊት ለፊት ነግራኛለች፤ በክፋት አልነበረም፣ እንዲሁ ስናወራ ነው። ይሁን፣ እንደዚያም ብለን እንውሰደው። «እንጀራ ብቻ» የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ግን የጋገረች ትንገራችሁ።

ጤፉ ይበጠራል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። በእርሾ ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። ከላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ ሲል ምጣዱ ይሰማል። ብርድ ሲሆን ሊጡ አልነሣ ይላል፣ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ሳታስቢው ይኮመጥጣል። መብራት ከጠፋ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ፤ ሌሊት ከመጣ ሌሊት ተነስተሽ ትጋግሪያለሽ፣ ምክንያቱም ልጆቹ ጠዋት ምሳ ዕቃ ይዘው መሄድ አለባቸው፣ ሊጡም ሌላ ቀን አይጠብቅሽም። ትንሿ ዓይን የሌለው እንጀራ አትበላም ነበር። ትልቁ ዳሩን ይተዋል፣ መሐሉን ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ዳሩ የእኔ ነበር። ቃሪያ የነካው ወጥ ቢሆን ማን እንደሚያለቅስ፣ ሽሮው ሲወፍር ማን እንደሚወድ፣ ፈተና ሲደርስ ማን ምግብ እንደሚዘጋው አውቃለሁ። ሲያማቸው በጉርሻ ለምኛለሁ። ይሄ ሁሉ «እንጀራ ብቻ» ነው? የወለደችስ እናት ልጇን ከዚህ ሌላ በምን አሳደገችው?

የሚያበላ እጅ በእኛ ዘንድ ክብር አለው። የበላበትን ወጪት የሚሰብር ሰው የመጨረሻ ከሐዲ ነው ብለን ነው ያደግነው። በልቶ ከካደ ሰው ጋር ማንም መቀመጥ አይፈልግም። አብሮ እንጀራ የቆረሰ ሰው አይጎዳዳም እንላለን፣ የተጣሉትንም ስናስታርቅ አንድ ገበታ ላይ እናስቀምጣለን። ታዲያ ይህን ሁሉ ስለ እንጀራ የሚያምን ሕዝብ በእንጀራ የተዛመደውን ሰው እንዴት ዝቅ አድርጎ ያየዋል? መልሱን ብዙ ፈልጌዋለሁ። ሌላ ምክንያት አላገኘሁም፤ ተረት ይመስለኛል። በልጅነታችን በሰማናቸው ተረቶች የእንጀራ እናት ሁሌ ክፉ ናት። ተረቱን የነገሩን ሰዎች አንድ ደግ የእንጀራ እናት ጎረቤታቸው እያለች እንኳ ተረቱን አልቀየሩትም። ስለ እንጀራ አባት ይህን ያህል አይወራም፤ ጥሩ ከሆነ «ያሳደገኝ» ይባላል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

አሁን ይህ አነጋገር ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

እናት ልጇን ስትቆጣ ሥርዓት ማስያዝ ነው። እኔ ስቆጣ ጎረቤት ጆሮውን ያቆማል። ልጁ በአሜባ ሲከሳ «ምን እያበላችው ነው?» ተብሏል። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ እኔ ስሄድ «እናቱ የለችም?» ይሉኛል፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ። ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ፣ ለራሴ ብዬ አልጽፍም ነበር። ትልቁ ልጅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጣ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ተማሪው ስለማያጠናው አንድ ትምህርት ሲናገር «ይህን ትምህርት የእንጀራ ልጅ አደረጋችሁት» ብሏል። ልጄ ደብተሩን ሳያስቀምጥ «የእንጀራ ልጅ ማለት ማንም የማይፈልገው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መምህሩ እሱን እያሰበ አልተናገረም፣ ይሄ ይገባኛል። ልጁ ግን ቃሉን ከእኔ በፊት ከሌላ ሰው ተማረው፣ የተማረውም እንዲህ ተብሎ ነው። ምን ብዬ እንደመለስኩለት እዚህ አልጽፍም። ረጅም ጊዜ ወስዶብናል።

እኔን «እናቴ» እንዲሉኝ አላስገደድኳቸውም። «እትዬ» ነበር የሚሉኝ፣ አሁንም ትልቁ «እትዬ» ነው የሚለኝ። የእናታቸውን ፎቶ ከሳሎን አላነሳሁም። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ዝክሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ እንጀራውን ጨምሮ። ሰው ሲሰማ «አይ ያንቺ ልዩ ነው» ይለኛል። ልዩ አይደለም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ስንቱን ወላጅ ወስዶ ስንቱን ልጅ ያለ እናትና አባት እንዳስቀረ ሁላችንም አይተናል። እነዚያን ልጆች ማን አሳደጋቸው? አያት አሳደገች፣ አክስት አሳደገች፣ የአባት አዲስ ሚስት አሳደገች፣ ጎረቤት አሳደገ። ዛሬ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ጋዜጣችሁን የሚያነቡ፣ ምናልባትም በጋዜጣችሁ የሚጽፉ አሉባቸው። «የእንጀራ ልጅ» ብላችሁ ስትጽፉ ማን እያነበበ እንደሆነ አታውቁም።

ክፉ የእንጀራ እናት የለችም አልልም። አለች። የምታስርብም፣ የምትደበድብም አለች፣ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ልጅ የበደለ ሰው በሕግ ይጠየቅ፣ እናንተም ጻፉት። ዝምድናውም ለነገሩ አስፈላጊ ከሆነ የእንጀራ እናት መሆኗን ጻፉ፤ እሱ መረጃ ነው፣ ቅር አይለኝም። የወለደች እናት ያንኑ ስታደርግ ግን «ሴትየዋ» ብላችሁ እንዳታልፉ፤ እናት መሆኗንም በዚያው ልክ ጻፉ። የኔ ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው። መንገድ ያልተሠራለት ወረዳ፣ በጀት ያላገኘ መሥሪያ ቤት፣ ተመልካች ያጣ ስፖርት የማንም ልጅ አይደለም። የእንጀራ ልጅ የሚባለው ሰው ነው፤ እሱን ለማያውቀው ችግር ስም ማድረግ ለምን ያስፈልጋል?

ቋንቋችን ደግሞ ለዚህ ቃል አያጣም። ችላ የተባለ አለ። የተዘነጋ፣ ወደ ጎን የተገፋ፣ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ አለ። ባይተዋር የሚል ጥሩ ቃል አለ፣ አሁን አሁን ሲጻፍ ብዙም አላየውም፣ ብትመልሱት ደስ ይለኛል። «አስታዋሽ ያጣው ዘርፍ» ቢባል ርዕሱ ምን ይጎድለዋል? እንዲያውም የተሻለ ነው፣ አስታዋሹ ማን መሆን እንደነበረበት አንባቢውን ይጠይቀዋል። «የእንጀራ ልጅ» ሲባል ግን ጥፋተኛው ይጠፋል። ዘርፉን ችላ ያለው ኃላፊ ስሙ ሳይነሳ፣ የሌለች አንዲት የእንጀራ እናት ጥፋቱን ትሸከምለታለች።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ርዕስ የሚሰጡትና የሚያርሙት ባልደረቦቻችሁ ይህን ደብዳቤ ያንብቡት፤ ከእንግዲህም ጽሑፍ ሲመጣላቸው «የእንጀራ ልጅ» እና «የእንጀራ እናት» የሚለውን ለዝምድናው ብቻ ይተዉት። ሌላ ወጪ የለውም፣ ስብሰባም አያስፈልገውም።

ደብዳቤው ከረዘመባችሁ ስለ መጽሐፍ ቅዱሱም ሆነ ስለ ሌሎቹ ቋንቋዎች ያነሳሁትን ማሳጠር ትችላላችሁ። ስለ ልጆቹ የጻፍኩትን ግን እንዳለ አውጡልኝ። ከመላኬ በፊት ለሁለቱም አንብቤላቸው «ይውጣ» ብለውኛል።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የእንጀራ እናት